የአዳር ወር ሁለት ጊዜ ሲገባ

«ለአዳር ወር ስሙን ያወጣለት ማነው?»

መምህርት ራሔላ የጠየቀችው ሁሉንም ነበር፤ ዓይኗ ያረፈው ግን ሙዝሊ ላይ ነው። ሙዝሊ እርሳሷን እንደ ያዘች ቀረች። ከልጅነቷ ጀምራ አዳር በገባ ቁጥር ቤት ስታጸዳ፣ ለፉሪም በዓል ጣፋጭ ስትሠራ ኖራለች፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በዚያው ወር ታለቅሳለች። ስሙ ከየት እንደ መጣ ግን አስባው አታውቅም። ወር ወር ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል።

«ፈጣሪ ነዋ» አለች ከጎኗ የተቀመጠችው ጡፋሐ። «ታዲያ ማን ሊያወጣለት ኖሯል፣ የኔ ባል?»

«ባልሽማ የገዛ ልጆቹንም ስም እያምታታ ነው የሚጠራው» አለች አንዷ ከኋላ። ሴቶቹ ሳቁ።

አሥራ አንድ ነበሩ። ሁሉም እናቶች ናቸው፤ ጡፋሐማ የልጅ ልጅ አይታለች። ልጃገረዶቹ ከትምህርት ቤቱ ሲወጡ እነሱ ይገባሉ። ለሰባት ዓመት ልጅ በተሠራ አግዳሚ ላይ ተጣበው፣ ጉልበታቸው ከጠረጴዛው እየተላተመ ፊደል ይቆጥራሉ። ሙዝሊ መማር ከጀመረች አምስት ወሯ ነው። ለምን እንደ መጣች የጠየቃት የለም፤ ሁሉም ያውቃሉ። በልጇ በሐስቄል የመቃብር ድንጋይ ላይ ጽሑፍ አለ። እሷ ግን ድንጋዩን ከጎረቤቱ ለይታ የምታውቀው በተሰበረ ጠርዙ ብቻ ነበር።

«እሺ» አለች መምህርቷ፤ «ቤት ጠይቃችሁ ኑ። የሐስቄል እናት፣ እርስዎም ይጠይቁ።»

የሚጠሯት እንዲህ ነው፣ በበኩር ልጇ። ልጁ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ስሙ ግን እሷ ላይ ቀርቷል።

ባሏ ናሑም መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ያን ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባ፤ በጥፍሮቹ ሥር ሙጫ ደርቋል። በሥጋ የተሞላውን ድብልብል፣ ኩባውን፣ ከቀይ ሥር ወጥ ጋር አቀረበችለትና ከፊቱ ተቀመጠች።

«የሐስቄል አባት፣ ለአዳር ስም ያወጣለት ማነው?»

«እሱን ተይውና አንቺ የምትፈርሚው መቼ ነው?»

«ከልጄ ሙት ዓመት በኋላ ብዬሃለሁ።»

«ሰልፉ በየቀኑ እየረዘመ ነው፣ ሙዝሊ።»

በዚያ ዓመት በባግዳድ አይሁድ ቤት ሌላ ወሬ አልነበረም። መንግሥት አንድ ሕግ አውጥቷል፤ መሄድ የሚፈልግ አይሁዳዊ ዜግነቱን በፊርማው ይተዋል፣ ስሙ ሲጠራ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ይሄዳል፣ ሁለተኛ አይመለስም። ሕጉ የሚጸናው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰው አመነታ። በኋላ ግን ሥራ ሲጠፋ፣ የትናንት ጎረቤት ሰላምታ ሲነፍግ፣ ሰው ከመንገድ እየተያዘ ሲቀር፣ በምኩራቡ ግቢ ጠረጴዛ ዘርግተው ከተቀመጡት ጸሐፊዎች ፊት የሚሰለፈው ሕዝብ ከበር አልፎ ወጣ። ናሑም ለራሱና ለአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጃቸው ለማርሴል ፈርሟል። ሚስት ግን የምትፈርመው ራሷ ቀርባ በገዛ እጇ ነው። ሙዝሊ ገና ነች።

ያዘገያት ፍርሃት ነበር። የፈረመ ሰው መቼ እንደሚጠራ አያውቅም። አንዱ ስምንት ወር ይጠብቃል፣ ሌላው በሦስት ሳምንቱ ሻንጣህን ያዝ ይባላል። ሐስቄል በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በተስቦ የሞተው አዳር በገባ በሃያኛው ቀን ነው። ስሟ ከዚያ ቀን በፊት ቢጠራስ? ማን መቃብሩን ያጥባል? ማን ዳቦውን ለድሆች ያድላል? አንድ ጊዜ፣ አንድ የመጨረሻ ጊዜ፣ በቀኑ ከልጇ አጠገብ ተቀምጣ ደህና ሁን ልትለው ነበር የፈለገችው። ስሙንም ራሷ አንብባ።

ችግሩ በዚያ ዓመት አዳር ሁለት መሆኑ ነው። ወራቱ የሚቆጠሩት በጨረቃ ስለሆነ ዓመቱ ያጥራል፤ ፋሲካ ተንሸራቶ ብርድ ውስጥ እንዳይገባ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ አንድ ወር ይጨመራል። የሚጨመረው አዳር ላይ ነው። ፊተኛው አዳር ያልቅና ኋለኛው አዳር ይገባል፤ ዓመቱም አሥራ ሦስት ወር ይሆናል።

«የፊተኛው አዳር ሃያ የሚውለው የዛሬ ሳምንት ነው» አለ ናሑም። «መቃብሩ ጋ እንሄዳለን፣ ታለቅሻለሽ፣ በማግስቱ ትፈርሚያለሽ። አለቀ።»

«የትኛው አዳር እንደሆነ ሐኻሙን ልጠይቅ።»

«ጠይቂ። አንቺ ፊደል ከጀመርሽ ወዲህ ይህ ቤት ጥያቄ እንጂ ራት የለውም።»

ማርሴል ከማድ ቤቱ በር ላይ ሆና ሳቀች። ናሑምም ሳቀ። ሙዝሊ ያን ሳቅ በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሳዋለች።

የሃይማኖት ሊቁ ሐኻም መናሼ ከምኩራቡ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው ፈዟል፤ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው።

«የሐስቄል እናት ነሽ» አሉ ገና ስትገባ። «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ሻንጣሽን ጠቀለልሽ?»

«ገና ነኝ አባቴ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልጄ የሞተው አዳር አንድ ብቻ በነበረበት ዓመት ነው። ዘንድሮ ሁለት ነው። ሙት ዓመቱ በየትኛው ይውላል?»

«የሌላ አገር ሰዎች በፊተኛው ያደርጉታል። የእኛ ልማድ ግን በኋለኛው ነው። ፊተኛው እንግዳ ነው፣ ልጄ፤ የቤቱ ባለቤት ኋለኛው ነው።»

 የሙዝሊም ሆድ ያለው ይህንኑ ነበር፤ ሲነገራት ግን ከበዳት።

«ደግሞ ሌላ አለ» አለች። «መምህርታችን ለአዳር ስሙን ያወጣለት ማነው ብላ ጠይቃናለች። አላወቅሁም።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «የጥንቶቹ የዚህ አገር ሰዎች ናቸው፣ ባቢሎኖች። አባቶቻችን ተማርከው እዚህ ሲመጡ ወራታቸውን የሚጠሩት በቁጥር ነበር፤ አንደኛው ወር፣ ሁለተኛው ወር፣ አሥራ ሁለተኛው ወር። ስሞቹን ያገኙት እዚህ ነው። ኒሳንም፣ ተሙዝም፣ አዳርም። ተሙዝማ የጣዖታቸው ስም ነበር፤ ሴቶቻቸው እንደ ሞተ ልጅ ያለቅሱለት ነበር።»

«እኛ ታዲያ የጣዖት ስም እንጠራለን?»

«እንጠራለን እንጂ። ሰባ ዓመት የተቀመጥሽበት ቤት ጢሱ ከልብስሽ አይለቅም። ጎረቤቶቻችን ዓረቦቹም ቢሆኑ ከዚሁ ማድጋ ነው የቀዱት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በኋላ ከምርኮ ተመለሱ ሲባሉ ከፊሎቹ ስሞቹን ተሸክመው ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ከፊሎቹ ደግሞ እዚሁ ቀሩ። እኛ የእነዚያ የቀሩት ሰዎች ልጆች ነን።»

«የቀሩት ለምን ቀሩ?»

«ይህን መምህርትሽም አትነግርሽም» አሉ ሐኻሙ። «እያንዳንዱ የራሱ ምክንያት ነበረው ይሆናል። አንዱ እርሻ፣ አንዱ የታመመ እናት፣ አንዱ መቃብር።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ በጣቶቿ ቆጠረች። ሕጉ የወጣበትን ቀን እንደ ስሟ ታውቀዋለች። አምና፣ የሐስቄል የመጀመሪያ ሙት ዓመት፣ አዳር ሃያ፤ ከመቃብር ሲመለሱ የቡና ቤቱ ራዲዮ ጮክ ብሎ የሚናገረው ስለዚሁ ሕግ ነበር። ናሑም ቆሞ አዳመጠ፤ እሷ የመቃብር አፈር ያለበትን ጫማዋን እያየች ጠበቀችው። ሕጉ ለአንድ ዓመት ነው ተባለ። እንግዲያው ከአዳር ሃያ እስከ አዳር ሃያ። ዘንድሮ ደግሞ እውነተኛው አዳር፣ የቤቱ ባለቤት፣ ኋለኛው ነው። የልጇ ሙት ዓመትና የሕጉ ዓመት በአንድ ቀን ይሞላሉ ማለት ነው። አንድ ወር ከሳምንት ገና አላት። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ የሚጠየቅ ነገርም አልመሰላትም። አንድ ዓመት ስንት እንደሆነ ሰው ይጠይቃል?

ለናሑም የነገረችው ግን ሌላ ነበር። ሐኻሙ ያሉትን ብትነግረው እንደሚቆጣ ታውቃለች።

«ሐኻሙ ምን አሉሽ?»

«እንዳልከው ይሁን አሉኝ» አለችው።

በፊተኛው አዳር በሃያኛው ቀን፣ ሦስቱም ወደ መቃብር ሄዱ። ማርሴል ውኃ ቀዳች፣ ናሑም ጸሎቱን አደረሰ። ሙዝሊ ድንጋዩን እያጠበች በሆዷ «ዛሬ አይደለም የኔ ልጅ፣ እመጣለሁ» ትለው ነበር። እንባ አልመጣላትም። ናሑም ያንን አይቶ ጽናት መሰለው፤ ሲመለሱ ክንዷን ይዞ መንገዱን አሻገራት።

በማግስቱ ወደ ምኩራቡ ሄደች። ብዙ ሰው ወራት ይጠብቃል፣ እኔም እጠብቅ ይሆናል ብላ ለመፈረም ልቧ ቆርጦ ነበር ማለት ይቻላል። ሰልፉ ውስጥ ገብታ ግማሽ ቀን ቆመች። ከፊቷ ሦስት ሰው ሲቀር አንድ ሰው በረንዳው ላይ ወጥቶ በሚቀጥለው ሳምንት የሚሄዱትን ስም ጠራ። የጡፋሐ ስም ተጠራ። ጡፋሐ ከፈረመች ገና ሃያ ሁለት ቀኗ ነው።

ሙዝሊ ከፊቷ የቆመችው ሴት አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ መዝገቡ ላይ ስትጫን አየች። ሃያ ሁለት ቀን። ዛሬ ብትፈርም ኋለኛው አዳር አጋማሽ ላይ ልትጠራ ትችላለች፣ ከሃያ በፊት። ከሰልፉ ወጣች።

«ወዴት ነሽ እህቴ፣ ደርሰሽ የለም እንዴ?» አላት ከኋላዋ የነበረው ሰው።

«የረሳሁት ነገር አለ» አለች።

ማታ ናሑም እጁን ሳይታጠብ ጠየቃት። «ፈረምሽ?»

«ፈረምኩ።»

«ወረቀቱስ?»

«ሳጥኔ ውስጥ ነው።»

አላያትም እንኳ። በሃያ አራት ዓመት ትዳራቸው ዋሽታው አታውቅምና ሳጥኑን ሊከፍት አልተነሳም። «እሰይ» አለና ጫማውን አወለቀ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ሙዝሊ በሁለት ነገር አሳለፈቻቸው፤ በመቁጠርና በመጻፍ። ስሟ በዕብራይስጥ አራት ፊደል ነው፤ ሜም፣ ዛይ፣ ላሜድ፣ ዮድ። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ መጫን አትፈልግም። በራሷ እጅ ልትጽፈው ነው። ላሜዷ እንደ ሰካራም እየተንጋደደ አስቸገራት፤ ማርሴል ከትከሻዋ በላይ እያየች «እማ፣ ይቺ ላሜድ ናት ወይስ ግመል?» ትላታለች። ሙዝሊ ትሰርዝና እንደገና ትጽፋለች። ልጅቷ ሻንጣዎቹን ጠቅልላ ጨርሳ በመስኮቱ ሥር ደርድራቸዋለች፤ ሦስት ናቸው፣ አንዱ የእናቷ ነው።

ስትቆጥር አንድ ነገር አገኘች። የፈረመ ሰው ቢፈጥን በሃያ ሁለት ቀኑ ነው የሚጠራው። ስለዚህ እስከ ሃያ መጠበቅ የለባትም፤ ኋለኛው አዳር በገባ በመጀመሪያው ቀን ብትፈርም፣ ቢቸኩሉ እንኳ የሚጠሯት ከሃያ በኋላ ነው። ሰልፉም የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ይብሳል፤ ቀድማ መገኘት ይሻላል። ባሏን ዋሽታ በከረመችበት ጊዜ ሁሉ እንደዚያን ቀን እፎይ ብላ አታውቅም። አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀድማ ልትገኝ ነው።

ኋለኛው አዳር የገባው ዓርብ ዕለት ነበር። ማለዳ ተነስታ የክት ልብሷን ለበሰች፣ ጥቁሩን አባያዋን ደረበች፣ ስሟን የተለማመደችበትን ወረቀት አጥፋ ያዘች።

የምኩራቡ በር ተከፍቷል። ሰልፍ የለም። ግቢው ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ፣ የሲጋራ ቁራጭና የተቀደደ ወረቀት ተበትኖ የምኩራቡ ዘበኛ ሳሶን ይጠርጋል። ጠረጴዛዎቹ ተደራርበው በግድግዳው ተደግፈዋል።

«እንደምን አደሩ አቶ ሳሶን። ጸሐፊዎቹ ዛሬ አይመጡም?»

«የምን ጸሐፊ፣ የሐስቄል እናት?»

«የመዝገቡ። የሚያስፈርሙት።»

ሳሶን መጥረጊያውን ቆም አደረገ። «ትናንት አለቀ እኮ። ማታ መዝገባቸውን ይዘው ሄዱ። አንቺ ምን ቀረሽ? ባልሽ ፈርመናል ሲል ሰምቼ ነበር።»

«ዓመቱ መች ሞላ?» አለች ሙዝሊ። «ሕጉ የወጣው በአዳር ሃያ ነው። ገና አሥራ ዘጠኝ ቀን አለ። እኔ ራሴ ቆጥሬዋለሁ።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ የገባው መሰለ። መጥረጊያውን ከግድግዳው አስደገፈና ቀረብ አላት።

«በምን ቆጠርሽው?»

«በወሩ ነዋ። በእኛ።»

«አንቺ ሴት» አለ ቀስ ብሎ። «የመንግሥት ዓመት በፈረንጅ ነው የሚቆጠረው፤ አሥራ ሦስት ወር የለውም።»

ሙዝሊ በእጇ ያለውን ወረቀት ዘረጋችው፤ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። ስሟ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጽፎበታል። ሳሶን አየው፣ ማንበብ ግን አይችልም ነበር፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

«ትናንት እኩለ ቀን ላይ እንኳ ብትመጪ» አለ። ከዚያም የተናገረው እንዳይሰማ የፈለገ ይመስል መጥረጊያውን አንስቶ መጥረግ ቀጠለ።

ቤቷ ገብታ የሰንበቱን ዶሮ በሩዝ ሞላች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል። ድስቱን ፍሙ ላይ ጣለች፣ እንቁላሎቹን በላዩ ደረደረች፣ በወፍራም ጨርቅ ሸፈነችው። ናሑም ከቀትር በኋላ ሲገባ ማርሴል ወለሉን ወልውላ ጨርሳ ነበር። ሙዝሊ ሻማው ሳይበራ መናገር ፈለገች። በሰንበት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፤ እስከ እሑድ ደግሞ አንጀቷ አይችለውም።

«የሐስቄል አባት፣ ሳጥኔ ውስጥ ወረቀት የለም» አለችው።

አልገባውም። ሁሉንም ነገረችው፤ ሐኻሙን፣ ሰልፉን፣ ጡፋሐን፣ ሃያ ሁለቱን ቀን፣ አዳር ሃያን። ስትጨርስ ናሑም ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። ከማድ ቤቱ የሩዝ ሽታ ይመጣል።

«ዋሸሽኝ» አለ።

«ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ነው።»

«ጊዜውን አይደለም የምልሽ። ብትጠይቂኝ በአንድ ቃል እነግርሽ ነበር። በአንድ ቃል፣ ሙዝሊ። ስለ አዳር ስም ስትጠይቂኝ ከርመሽ ይህንን አልጠየቅሽኝም።»

 እውነቱን ነው። የምታውቀው መስሏት ነበርና አልጠየቀችም።

«እማ፣ እኔ ልቅር» አለች ማርሴል። መወልወያው ገና በእጇ ነው። «አባ ይሂድ፣ እኔ ካንቺ ጋር ልቅር።»

«አትችይም» አለ ናሑም። «ስማችንን ሰርዘውታል። እኔም አልችልም። ከፈረምንበት ቀን ጀምሮ እዚህ አገር ያለነው እንደ እንግዳ ነው፤ ሂዱ ሲሉን መሄድ ብቻ ነው የቀረን።»

ሙዝሊ ሻማውን አበራች። ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ከልማዷ በላይ ቆየች።

እሑድ ናሑም ወደ አይሁድ ማኅበር ቢሮ ሄደ፤ ሰኞም ሄደ፤ ከዚያ ከሙዝሊ ጋር አንድ የሚያውቁት ጠበቃ ዘንድ ሄዱ። ጠበቃው ደግ ሰው ነበር፤ ሻይ አስቀርቦ፣ እንደ እሷ ያሉ ሌሎችም እንዳሉ ነገራቸው። «አንዱ ታሞ ቀረ፣ ሌላው መራዘሙ አይቀርም ሲል ቀረ። የእርስዎን ዓይነት ግን አልሰማሁም» አላት። በዚያው ሰሞን ሌላ ሕግ ወጣና የፈረሙት ሰዎች ንብረት ታገደ። የናሑም ሱቅ በሰም ታሸገ፤ ሰዎች ሊያስጠርዙ የሰጡት መጻሕፍት እንኳ ውስጡ ቀሩ። የመቅረት መንገድ ቢኖርም እንኳ ያን ቀን ተዘጋ።

ፉሪም መጣ። አዳር ሲገባ ደስታ ይብዛ የሚባልበት በዓል ነው። ጎረቤት ያሉ ልጆች ደረጃው ላይ ካርታ ሲጫወቱ ይሰማል። ሙዝሊ ጣፋጩን ሠራች፣ ለማርሴል ብላ። ማርሴልም በላች፣ ለእናቷ ብላ። ናሑም ካወቀ ወዲህ በቀን ከአሥር ቃል በላይ አይናገራትም ነበር፤ ያን ቀን ግን አንዷን ጣፋጭ ቆርሶ ግማሹን ሰጣት። 

በኋለኛው አዳር ሃያ እንደገና ወደ መቃብር ሄዱ። አሁን እውነተኛው ቀን ነው። ጤግሮስ ሞልቶ ስለነበር ነፋሱ የጭቃ ሽታ ያመጣል። ድንጋዮቹ ብዙ ናቸው፤ ጠያቂ ግን አልነበረም። ድሮ በየመቃብሩ ዙሪያ ሰው የሚጋፋበት ቦታ ዛሬ የሚሰማው ቁራ ብቻ ነው።

ሙዝሊ ድንጋዩን አጠበች፣ አደረቀችው። ከዚያ ተንበርክካ ጣቷን ፊደሉ ላይ አኖረች። የመጀመሪያው ዮድ ነበር። ግራ ተጋባች፤ ሐስቄል ብላ ስትጠራው የኖረችው ልጅ ስሙ በዮድ ይጀምራል ብላ አስባ አታውቅም።

«ሙሉ ስሙ እንደዚያ ነው የሚጻፈው» አለ ናሑም ከኋላዋ። «ቀጥይ።»

ቀጠለች። ሔት። ዛይ። ቆፍ። እያንዳንዱን ፊደል እየነካች ስሙን እስከ መጨረሻው አነበበች። ከሥሩ የአባቱ ስም አለ። ከዚያ ሥር ደግሞ ቀኑ፤ ሃያ፣ አዳር። የወሩን ስም ሦስቱን ፊደላት ሁለት ጊዜ ደገመቻቸው። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ፤ ናሑምም አጠገቧ ተንበረከከ። ማርሴል ዳቦ የያዘውን ዘምቢል እንዳቀፈች ቆማ ጠበቀቻቸው። ለመስጠት ድሃ ፈለጉ፤ በመቃብሩ በር ላይ አንድ ማየት የተሳነው ሰው ብቻ አገኙና ሁሉንም ለእሱ ሰጡት።

ሲወጡ እጃቸውን ታጠቡ። ናሑም ውኃውን እያፈሰሰላት፣ «እኔ ብሆን ኖሮ ምናልባት እንዳንቺ አደርግ ነበር» አላት። «ልዋሽሽ ግን አልዋሽሽም ነበር።» ሌላ ቀን ይቅር ይላት እንደነበር ሙዝሊ ታምናለች። ቀኑ ነው ያልበቃቸው።

በዚያ ሳምንት መምህርት ራሔላ የመጨረሻውን ትምህርት ሰጠች። ከአሥራ አንዱ ሴቶች የመጡት አራት ናቸው። መምህርቷም ተጠርታለች፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትሄዳለች።

«ያን ጥያቄ መልሼዋለሁ» አለቻት ሙዝሊ። «ስሙን ያወጡለት የዚህ አገር ሰዎች ናቸው። የሄዱት ይዘውት ሄዱ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ሐኻሙ። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ፣ ልጄ። ትርጉሙ ምንድን ነው?»

መምህርቷ ጠመኔዋን አስቀመጠች። «በእርግጥ የሚያውቅ የለም፣ የሐስቄል እናት። አንዳንዶች የእህል አውድማ ማለት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ደመና የጋረደው፣ የጨለመ ማለት ነው ይላሉ። እኔ ሁለቱንም አንብቤያለሁ፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።»

ሙዝሊ ራሷን ነቀነቀች። የመምህርቷን እጅ ሳመች፤ መምህርቷ ደንግጣ እጇን ሳበች፣ ከዚያ አቀፈቻት። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የአሥራ ሦስቱ ወራት ስም እንደ ተጻፈ ነበር። የሚያጠፋው ሰው አልነበረም።

የናሑምና የማርሴል ስም የተጠራው ከፋሲካ በኋላ፣ በኢያር ወር አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። ሙዝሊ እስከ ምኩራቡ በር ሸኘቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያልፈረመ ሰው አይገባም። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሻንጣዎቹን ፈትሾ ሁለት ብቻ መሆናቸውን አየ። ሦስተኛው መስኮቱ ሥር ቀርቷል።

«እማ፣ ትጽፊልኛለሽ አይደል?» አለች ማርሴል። «አሁን ትችያለሽ። ላሜዷ ብትጠምም ምንም አይደለም።»

«እጽፍልሻለሁ።»

«በየወሩ።»

«በየወሩ። ኮትሽን ቆልፊው፣ እዚያ ላይ ይበርዳል ይላሉ።»

ናሑም ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ግንባሯን ሳማት፤ ከዚያ የልጁን ክንድ ይዞ ገባ። አውቶቡሱ ሲወጣ መስኮቶቹ በአቧራ ተሸፍነው ስለነበር ሙዝሊ የትኛው የማን ፊት እንደሆነ ሳትለይ ለሁሉም እጇን አወዛወዘች።

ከትምህርት ቤቱ አሥራ አንድ ሴቶች ዘጠኙ ሄዱ፣ ሁለቱ ቀሩ። መምህርት ራሔላ ሄደች። ሐኻም መናሼን በወንበር ተሸክመው ወሰዷቸው። ዘበኛው ሳሶን ምኩራቡን ለማን ትቼ ብሎ ቀረ። ናሑም ሄደ፣ ማርሴል ሄደች። ሙዝሊ ቀረች፤ ሐስቄልም ቀረ።